ጎማው መሬት ሲነካ

የጭነት መኪናው የተገለበጠው ቀትር ላይ ነው። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አባቷን ተከትላ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች። ከኋላቸው ሰባ ኩንታል ሲሚንቶ፣ ከፊታቸው ጠመዝማዛ ቁልቁለት። አባቷ ሲነዳ ይዘፍናል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ዘፈኑ ድንገት ተቋረጠ።

«እምቢ አለኝ! መሪው እምቢ አለኝ! ያዢ!»

ያዘች። ተንጠለጠለችበት ማለት ይሻላል። አባትና ልጅ ባንድነት ጎተቱት፤ መሪው ግን ግንብ ውስጥ የተቀበረ ይመስል ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ ሆነ።

ዓይኗን ስትገልጥ ግራ እግሯ ወንበሩ ሥር ተጣብቋል። አባቷ ከጎኗ ተዘቅዝቆ፣ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ትንፋሹን እየቆራረጠ ያወራታል። እንዳታሸልብ ፈርቷል።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ትሰሚያለሽ?»

«ዘይት ይንጠባጠባል።»

«ደግሞስ?»

«ጎማው ላይ ሆኖ ይሽከረከራል።»

«ጎበዝ! ደግሞስ?»

«አንተ ታቃስታለህ።»

«እሱን ተዪው፤ ሌላ ንገሪኝ።»

እንዲህ እያሉ እስከ አመሻሹ ድረስ ቆዩ። ሰው ሲደርስላቸው ልጅቷ የንፋሱን፣ የወፉን፣ የሚቀዘቅዘውን ሞተር ድምጽ ሁሉ ቆጥራ ጨርሳ ነበር።

ቃሬዛ ላይ ተኝታ ስትወጣ ያየችውን ነገር ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም። የትራፊክ ፖሊሱ መርማሪ ተንበርክኮ፣ በተሰበረው መስኮት እጁን አስገብቶ፣ መሪውን በአንድ ጣቱ አዞረው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ።

«ይኸማ ቅቤ ነው!» አለ ለጓደኛው። «መሪው ምንም የለበትም። ሰውዬው እንቅልፍ ወስዶት ነው። ጻፍ።»

ተጻፈ። የአባቷ መንጃ ፈቃድ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት ሠራ፤ አንድ ቀን እንኳ አንቀላፍቶ አልተያዘም። ቢሆንም ሰፈሩ «እንቅልፋሙ» ያለውን ስም እስኪሞት አላነሳለትም። ልጅቷ በዚህ ስም የተነሳ የደበደበቻቸው የሰፈር ልጆች ቁጥር ብዙ ነው፤ የደበደቧትም እንደዚያው።

ያቺ ልጅ ዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ግራ እግሯ ከቀኙ ሁለት ጣት ያጥራል። በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ እትዬ ካቻቢቴ ነው የሚሏት። ካቻቢቴዋን ኪሷ ውስጥ አታስገባም፤ ፀጉሯን ጠቅልላ እሱን እንደ ወስፌ ትሰካበታለች። ሥራ ሲመጣ ትመዘዋለች፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ይፈሳል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሳ ትሰካዋለች። ደንበኞቿ ፀጉሯን አይተው መኪናቸው መዳን አለመዳኑን ያውቃሉ።

ጋራዧ ጠባብና ረጅም ነው። ወለሉ ከዘይት ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። የጓሮው ክፍል በወፍራም ፕላስቲክ መጋረጃ ተከልሎ የታናሽ ወንድሟ የቀለም ቤት ሆኗል። ወንድሟ ነጭ ካፖርት ይለብሳል፤ ነጠብጣብ ቀለም ካረፈበት ያንኑ ቀን ያጥበዋል። ለዚህ ነው «ሙሽራው» የሚሉት።

እትዬ ካቻቢቴ የመሪ ሐኪም ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የመኪና ዕቃ አጣቢ ሆና ጋራዥ ገባች። ሌላው ሰው ሞተር ለመማር ሲጋፋ እሷ መሪ ካልሆነ አለች። ሠላሳ ዓመት በዘይት ግፊት የሚታገዘውን መሪ ፈታች ገጠመች። ከዚያ ጊዜው ተለወጠና መኪኖቹ ዘይቱን ትተው በኤሌክትሪክ መሪ መምጣት ጀመሩ። ወጣቶቹ «የእትዬ ነገር አበቃ» አሉ። እሷ ግን በሃምሳ ዓመቷ ጎረቤት ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄዳ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ቮልት ምንድን ነው? ከመጀመሪያው ጀምርልኝ፤ ምንም እንደማላውቅ ቁጠረኝ» አለችው።

ሁለት ዓመት ጠየቀችው። መጨረሻ ላይ ሬዲዮ ጠጋኙ ራሱ እሷን መጠየቅ ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ቢጫ የስፖርት መኪና መጣች። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና ነች፤ ለመግባት መጎንበስ አይበቃም፣ መውደቅ ያስፈልጋል። ከውስጧ አንዲት ቀጭን ወጣት ዘላ ወጣች። የመኪና እሽቅድምድም የሚከታተል ሰው ሁሉ «ፌንጣ» ይላታል። ከሌላኛው በር ደግሞ አንድ ወፍራም ሰውዬ በሩን ይዞ፣ ጣሪያውን ይዞ፣ እየማለ እየተገዘተ ወጣ። የልጅቷ አጎት ነው፤ የመኪናዋ ባለቤትም እሱ ነው። ሳንቃ ነጋዴ ስለሆነ ባለ ሳንቃው ይባላል።

«እመቤቴ» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ሰው ለምኖኝ ነው እንጂ መኪናዋ ምንም የላትም። ሁለት ጋራዥ አይቷታል። አንዱ ባትሪ ቀየረ። ሁለተኛው የመሪውን ሞተር ቀየረ። ይቺ ልጅ ግን አሁንም ኩርባ ላይ ከመንገድ ትወጣለች። ሦስት ጊዜ! ባለፈው የጎማ ክምር ውስጥ ገብታ ነው የቆመችው።»

«መሪው ይጠነክርብኛል፣ ጋሼ።»

«እጅሽ ነው የሚጠነክረው! ፈርተሽ ትጨብጪዋለሽ፣ እምቢ አለኝ ትያለሽ።»

እትዬ ካቻቢቴ ቀና አለች። እምቢ አለኝ። ይህን ቃል ከሰማች አርባ ስድስት ዓመቷ ነው።

«እሁድ የዳገት ውድድሩ ነው» ቀጠለ ባለ ሳንቃው። «ቅዳሜ ጠዋት ሙከራ አለ። ቅዳሜ ከመንገድ ከወጣች አበቃ፤ መኪናዋን ለልጄ እሰጣለሁ። እሱ አይፈራም።»

«ልጅዎ ነድቶ ያውቃል?»

«ይማራላ!»

ፌንጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህች መኪና ነው ያደገችው፤ ሌላ መኪና የሚሰጣት ሰው የለም።

እትዬ ካቻቢቴ ክንዷን ይዛ ፈንጠር አደረገቻት።

«ስሚ እህቴ። መሪው ከመጠንከሩ በፊት ምን ትሰሚያለሽ?»

ልጅቷ ፈጠጠችባት። «ምን እሰማለሁ?»

«አዎ። ዓይንሽን ጨፍኚና እዚያው ኩርባ ላይ ተመለሺ። ምን ይሰማል?»

«ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» ዓይኗን ጨፈነች። «የራዲያተሩ ማራገቢያ። በጣም ይጮኻል። ከዚያ ድምጹ ይወርዳል፤ ሰው ሲያዛጋ እንደሚያደርገው። ኡኡኡ ይላል። ወዲያው መሪው ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሙቀት ሲሆን፣ ዳገቱን ስወጣ። መብራት ሳበራ ይብሳል። በውድድር ቀን በጠራራ ፀሐይም አብሩ ይሉናል፤ ደንብ ነው።»

«ሰሙልኝ?» ባለ ሳንቃው ከት ብሎ ሳቀ። «ማራገቢያው አዛጋ ትላለች! ቀጥሎ መሪው አስነጠሰ ትበለን!»

እትዬ ካቻቢቴ አልሳቀችም። ካቻቢቴዋን ከፀጉሯ መዘዘች።

«መኪናዋን ይተዉልኝ። ልጅቷንም ይተዉልኝ።»

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። በመሪው ዘንግ ላይ አንዲት ሴንሰር አለች፤ የነጂው እጅ ምን ያህል እንደጠመዘዘ ትለካለች። ልኬቱን ለትንሽ ኮምፒውተር ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ያዘዋል፤ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል። ነጂው በእጁ ያዞረ ይመስለዋል እንጂ ዋናውን ጉልበት የሚያወጣው ሞተሩ ነው። ኃይል ሲያንሰው ግን ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ሞተሩን ያቆመዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ በነጂው ክንድ ላይ ይወድቃል። ይህ ጋራዥ ውስጥ ቢሆን ማላብ ብቻ ነው። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረሩ ኩርባ ላይ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

እትዬ ካቻቢቴ ክሪኩን አስገብታ የመኪናዋን ፊት አነሳች፣ ከሥር መደገፊያ አቆመች። የኮምፒውተር ማንበቢያዋን ሰካች። «ለመሪው የሚደርሰው ኃይል አንሷል» የሚል መልእክት ተመዝግቦ አገኘች። የመጀመሪያው ጋራዥ ባትሪ የቀየረው ይህን አይቶ መሆኑ ገባት። ቴስተሯን አውጥታ መሪው ጋ ለካች፤ አሥራ አራት ቮልት። መሪውን ከዳር ዳር አዞረችው፤ አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ግሩም ነው። የእጅ መጠምዘዝ የምትለካዋንም ሴንሰር አየች፤ እሷም ጤነኛ ነች።

ግማሽ ቀን ሽቦ ለሽቦ ሄደች። ስምንት ሰዓት ገደማ የመሪው ሞተር መሰኪያ ውስጥ የላላች አንዲት ቀጭን የብረት እግር አገኘች፤ ስትነካት ትንቀሳቀሳለች።

«አገኘሁሽ!» ብላ ጮኸች። «አንቺ ሌባ!»

ሙሽራው በመጋረጃው መሀል አንገቱን ብቅ አደረገ። «ማንን?»

«ያዛጋችውን!»

የመሰኪያውን እግር አጠበቀች፣ መሰኪያውን ሰካች፣ ፀጉሯን ጠቀለለች፣ ካቻቢቴዋን ሰካችበት። ፌንጣ ጭብጨባ ብቻ አልበቃትም፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ወዲያው ሁለቱ ወደ ዳገቱ ገሰገሱ። ፌንጣ እየነዳች፣ እትዬ ካቻቢቴ አጭር እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋ አስፋልቱን የሚጠርግ እየመሰላት።

የመጀመሪያው ኩርባ ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሞተሩ ሲግል ማራገቢያው ተነሳ፣ ጮኸ።

«መብራት አብሪ!»

አበራች። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፌንጣ መሪውን ስትጠመዝዝ ማራገቢያው ኡኡኡ አለ። አዛጋ። ወዲያው የልጅቷ ክንዶች ተገተሩ፣ አንገቷ ላይ ሥሮቿ ወጡ፤ መኪናዋ መስመሯን ለቅቃ ጠጠሩ ላይ ገባች፣ አቧራ አነሳች፣ ከገደሉ ጫፍ አሥር እርምጃ ቀርቷት ቆመች።

 እትዬ ካቻቢቴ ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታችው።

«ሰማሁት! በጆሮዬ ሰማሁት! አዛጋ! እውነትሽን ነው!»

«እትዬ፣ ልንሞት ነበር እኮ!»

«አልሞትንም! መሪው እፊቴ እምቢ ብሎሻል፤ አይቻለሁ! ማንም ፈርታ ነው ቢልሽ እኔ ምስክር ነኝ!»

ፌንጣ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ሁለቱን ባንድነት ማድረግ እንደሚቻል እትዬ ካቻቢቴ ያን ቀን አየች።

ይሁን እንጂ ምስክርነት መኪና አይጠግንም። ዓርብ ጠዋት መኪናዋ እንደገና ክሪክ ላይ ወጣች። ቴስተሩ እንደገና አሥራ አራት አለ። መብራት በራ፣ ማራገቢያ ተነሳ፤ ቮልቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። መሪው ከዳር ዳር ቢዞር ሐር ነው። መንገድ ላይ የምትታመም፣ ጋራዥ ስትገባ የምትስቅ መኪና!

«አጎቴ ነገ ጠዋት ይመጣል» አለች ፌንጣ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

እትዬ ካቻቢቴ ዕቃ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች። እግሯን ታሻለች። ሳታስበው እጇን በመስኮቱ ሰደደችና መሪውን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። መሪው ዞረ። እሷም ጣቷን አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ፤ የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ግራ ቀኝ ይወዛወዛሉ።

በአንድ ጣት። ጎማው አየር ላይ።

በተሰበረ መስኮት የገባ እጅ ታያት። ተንጋልሎ ሆዱን ለሰማይ የሰጠ የጭነት መኪና ታያት፤ ምንም ያልነኩ፣ ምንም ያልተሸከሙ ጎማዎች፣ ሰባው ኩንታል ሲሚንቶ ገደሉ ውስጥ ተበትኖ። እንዲህ ሆኖ መሪው ለምን እምቢ ይላል? ሕፃንም ያዞረዋል!

እንደ ተወረወረች ተነሳች። አጭር እግሯን ረስታዋለች።

«አውርዷት! መኪናዋን መሬት አውርዷት!»

ሙሽራው የቀለም መርጫውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «እሳት ነው?»

«እኔ ነኝ እሳቱ! ሠላሳ ዓመት መኪና እያነሳሁ፣ እያነሳሁ! የዘይት መሪ አየር ሲገባበት፣ አየሩን ለማስወጣት አንስተህ ነው ግራ ቀኝ የምታዞረው። እጄ ለምዶ ሳላዘው ክሪኩን አነሳ! ይቺ ግን ዘይት የላትም። ጎማው አየር ላይ ሲሆን ሞተሩ ምን ይገፋል? ንፋስ! ንፋስ ለመግፋት ምን ኃይል ይፈልጋል? ሽቦው የሚፈተነው ጎማው መሬት ሲነካ ነው!»

ፌንጣ ክሪኩን አወረደችው። ጎማዎቹ ሲሚንቶው ወለል ላይ አረፉ።

«አንተ፣ ግባና ተቀመጥ» አለች እትዬ ካቻቢቴ ለወንድሟ።

«እኔ? በዚህ ካፖርት?»

«ክብደት እፈልጋለሁ። ካንተ ሌላ ሥራ የፈታ ክብደት የለኝም።»

ሙሽራው ካፖርቱን ሰብስቦ ተንከባሎ ገባ። ሞተሩ ተነሳ፣ መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ጮኸ። እትዬ ካቻቢቴ የቴስተሯን ሁለት ጫፎች መሪው ጋ ያዘች።

«አዙሪ!»

ፌንጣ ባለ በሌለ ጉልበቷ አዞረች። ጎማው ወለሉን ሲያሽ ጮኸ። አሥራ ሦስት። አሥራ አንድ። ማራገቢያው ኡኡኡ አለ።

ዘጠኝ ነጥብ አራት።

«እትዬ! ጠነከረ! ድንጋይ ሆነ!»

«ያውና!» እትዬ ካቻቢቴ አጭር እግሯን ወለሉ ላይ ደበደበች፤ ጭፈራዋ እንዲያ ነው። «እንደገና! እንዳትለቂው፣ እንደገና!»

አሁን ነገሩ ሁሉ ይፈጥን ጀመር። ባትሪው ራሱ ላይ ለካች፤ መሪው በጠነከረበት ሰዓት ባትሪው አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት አለው። ስለዚህ ኃይሉ ከቤቱ ወጥቷል፤ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ወደ መሪው የሚሄደውን ወፍራም ቀይ ሽቦ ከጫፍ ጫፍ ለካች፤ የጎደለው ዜሮ ነጥብ ሁለት ቮልት ብቻ ነው። የመመለሻውን መንገድ፣ ከመሪው በመኪናዋ አካል በኩል አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን ለካች።

አራት ቮልት።

«አራት! አራት ሙሉ ቮልት የዋጠ ጅብ እዚህ ውስጥ አለ!»

የመመለሻውን ጥቁር ሽቦ በጣቷ እየዳሰሰች ተከተለችው። ከመሪው ሥር ወጣ፣ በሞተሩ ጎን አለፈ፣ ከፊት መብራቱ ኋላ ከመብራቱና ከማራገቢያው ሽቦዎች ጋር ተገናኘ። ሦስቱም አንዲት ቡሎን ሥር ታስረዋል። የእጅ ባትሪ አበራችበት። ሽቦዎቹ የታሰሩበት ብረት እንደ እንቁላል አስኳል ያበራ ነበር።

ቀና አለች። ድምጿ ድንገት ለስላሳ ሆነ።

«ወንድም ዓለም፣ እስቲ ውጣና ይህን እይልኝ። የማን ሥራ ነው?»

ሙሽራው እየተፋጨረ ወጣ፣ አጎነበሰ፣ ፊቱ በራ። «የኔ ነዋ! አምና የቀባኋት እኔ አይደለሁ? እይው እንዴት እንደሚያንጸባርቅ። ሌላ ቀቢ ቡሎኗን እንዳለች ትቶ በዙሪያዋ ይቀባል። እኔ ግን እያንዳንዷን ፈትቼ፣ ሥሯን ሦስት ጊዜ ቀብቼ ነው የመለስኳት። ከሥር እንኳ ብትፈልጊ ራቁቱን የቀረ ብረት...»

ጣቱ ቢጫው ብረት ላይ እንዳለ ቀረ።

እህቱ ታየዋለች። ፌንጣም ታየዋለች።

«ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ሙሽራ!» እህቱ ጭንቅላቷን ያዘች። «መሪውን፣ መብራቱን፣ ማራገቢያውን ሦስቱንም ባንድ ላይ ደፈንካቸው! በቡሎኗ ጥርስ በኩል እየሾለኩ ነው እስከዛሬ የኖሩት!»

«ባለ ሳንቃው ነው! ራሱ ነው ያለኝ! ጥፍር የምታህል ያልቀባሃት ብረት ካየሁ አልቀበልህም አለኝ! አስማለኝ እኮ!»

«አስማለህ?»

«አስማለኝ!»

ፌንጣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። አጎቷ ለፍርሃቷ ሲዘልፋት፣ ከመንገድ ሲያወጣት የኖረው የገዛ ራሱ ትእዛዝ ነበር።

ቡሎኗ ተፈታች። ሙሽራው ብርጭቆ ወረቀቱን ለማንም አልሰጥም አለ። የገዛ ቀለሙን በገዛ እጁ ሲፍቀው የልጁን ፀጉር የሚላጭ አባት ይመስል ነበር። ነጩ ብረት ብቅ አለ። እትዬ ካቻቢቴ የሽቦዎቹን ጫፍ አጸዳች፣ ቡሎኗን ጥርቅም አድርጋ አሰረች፣ ዝገት እንዳይገባ ግራሶ ቀባች።

«ግባና ተቀመጥ።»

ሙሽራው ካፖርቱን ሳይሰበስብ ገባ። መብራት፣ ማራገቢያ፣ መሪ። ጎማው ሲሚንቶውን እያሸ ጮኸ፤ ማራገቢያው ግን ድምጹን አልቀየረም። ቴስተሩ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ላይ ቆመ። ፌንጣ ግራ አዞረች፣ ቀኝ አዞረች፣ እንደገና ግራ። አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት።

እትዬ ካቻቢቴ ፀጉሯን ግን አልጠቀለለችም። «ትናንት ቸኩያለሁ፤ ዛሬ አልቸኩልም። ሁለተኛው ጋራዥ የመሪውን ሞተር ሲቀይር የመሪው ቀጥታ የት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ አልነገረውም።» ጎማዎቹን አቃንታ፣ ማንበቢያዋን ሰክታ፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ቀጥ ነው ብሎ እንዲያውቀው አደረገች። ከዚያ ወደ ዳገቱ ሄዱ። ሦስተኛውን ኩርባ ሰባት ጊዜ ወጡት። ሰባተኛው ላይ እትዬ ካቻቢቴ ካቻቢቴዋን ፀጉሯ ላይ ሰካች።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ሳንቃው ልጁን አስከትሎ ዳገቱ ሥር ደረሰ። ልጁ አዲስ ጓንት አድርጓል። እትዬ ካቻቢቴ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ቀለሙን ስትጠቅስ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሁን። ከመንገድ ካልወጣች አምናለሁ።»

«ከውጭ ሆነው አይደለም የሚያምኑት። ጎኗ ይቀመጡ።»

«እኔ?»

«እሷ ናት የምትፈራው ብለዋል። እንግዲህ እርስዎ ምንም የለብዎትም።»

በዙሪያው የቆመው ሰው ሳቀ። ባለ ሳንቃው ወደ ኋላ ማለት አልቻለም። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጣሪያውን ይዞ፣ በሩን ይዞ ገባ። መብራቱ በራ። ቢጫዋ መኪና አፈሩን በትና ወጣች። ሰዉ ድምጿን ብቻ ይከተላል፤ አንደኛው ኩርባ፣ ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ እትዬ ካቻቢቴ ጆሮዋን አቀናች። ድምጹ ሳይወርድ አለፈ። ከላይ ዞረው ሲወርዱም አለፈ።

መኪናዋ ስትቆም ባለ ሳንቃው ወዲያው አልወጣም። ሲወጣ ባርኔጣው የለም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው፣ ቀስ በይ አይሏትም ነበር?» አለች እትዬ ካቻቢቴ።

«ብያት ነበር። አልሰማችኝም፤ እየዘፈነች ነበር።»

 በሰው ሁሉ ፊት የመኪናዋን ቁልፍ አንስቶ በፌንጣ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ካንቺ ጋር ይደር። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩሽም።» ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ ጓንትህን አውልቅ።»

እሁድ ፌንጣ ከአሥራ ዘጠኝ ተወዳዳሪ ስድስተኛ ወጣች። ሙሽራው አንደኛ የወጣች ያህል እየጮኸ ካፖርቱን አውለበለበ። እትዬ ካቻቢቴ መድረሻው ጋ አልነበረችም፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና ማራገቢያውን ታዳምጥ ነበር።

ከውድድሩ በኋላ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ማኅበር ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ መጣ። ስለ ውድድሩ የሚያትሟት ትንሽ መጽሔት አለቻቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት ከሠሩት ሥራ የሚበልጥብዎት የቱ ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም እንዲህ አለችው፤

«አባቴ አልተኛም ነበር፤ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይጻፉልኝ። ጎማው ሰማይ እያየ መሪውን በአንድ ጣት አዙረው ነው የፈረዱበት። ያ እጅ ምን እንደተሳሳተ ለማወቅ አርባ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያወቅኩትም ያንኑ ስህተት ራሴ ሠርቼ ነው። ግን የሚበልጥብኝ እሱም አይደለም። ይቺ ልጅ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ስትለኝ፣ የጠየቅኳት እኔ መሆኔ ነው። አባቴን እኮ ምን ሰማህ ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ቢጠይቀው ይነግረው ነበር፤ እኔም እነግር ነበር፤ ሁሉንም ቆጥሬ ይዤው ነበር። ሌላው ሁሉ ቡሎን ማጥበቅ ነው።»